የጉበት መድኃኒትና የኩላሊት ፍርሃት

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ምሽት፣ በሰፈራችን ባጃጅ የሚያሽከረክር የጎረቤታችን ልጅ በራችንን አንኳኩቶ ገባና እናቴ የቀዳችለትን ቡና ሳይነካ፣ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ የመድኃኒት ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማኅተሙ አልተቀደደም። «ጋሼ፣ ይህን ከሰጡኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ግን ኩላሊት ይጨርሳል አሉኝና ፈራሁ። እርስዎ ስንት ዓመት ወሰዱት?» አለኝ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ወንድሙ እኔ ዘንድ፣ ሲኒዎቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ አለ። ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊ ግራም፣ 30 ክኒን።

ዘጠኝ ዓመት እንደሆነኝ ነገርሁት። የቀረውን ግን በአንድ ምሽት ወሬ መጨረስ ስላልቻልሁና ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቀኝ እርሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ሙሉ መልሴን እዚህ ላስቀምጠው ወሰንሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሥነ ሕይወት መምህርና የሄፓታይተስ ቢ ታማሚ ነኝ፤ ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲሆን ቴኖፎቪር የሚሰጠን እርሱን ለመግታት ነው። የምጽፈው የሐኪምን ትእዛዝ ለመተካት ሳይሆን፣ ታማሚው ወደ ሐኪሙ ክፍል ሲገባ ምን መጠየቅ እንዳለበት አውቆ እንዲገባ ነው።

«ምንም የለውም፣ ዝም ብለህ ዋጥ» ብዬ ልሸኘው እችል ነበር። ይህ ግን እውነት አይደለም፤ እውነት ያልሆነ ማጽናኛ ደግሞ የመጀመሪያው ሕመም በተሰማ ቀን ይፈርሳል። ቴኖፎቪር ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ደምን ካጣራ በኋላ፣ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ስኳር፣ ፎስፌትና ሌላውን ማዕድን መልሶ የሚሰበስብባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ መድኃኒቱ በእነዚህ ቱቦዎች ሕዋሳት ውስጥ ሲጠራቀም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህን የመሰብሰብ ሥራ ያውከዋል። ያን ጊዜ ክሬአቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ በደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ በሽንት ፕሮቲን ይታያል፣ የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው እንኳ በሽንቱ ስኳር ሊገኝበት ይችላል፤ ፎስፌቱ ከሽንት ጋር እየወጣ ስለሚያልቅም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል።

ይህ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም። ይበልጥ የሚያሰጋው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ላለፈ፣ ስኳር ወይም የደም ግፊት ላለባቸው፣ ኩላሊታቸው አስቀድሞ ለደከመ፣ እንዲሁም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን ለሚያዘወትሩ ሰዎች ነው። ይህን ስነግረው ልጁ አቀረቀረ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል፤ ለዚህም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጥ ኖሯል። ማንም ሐኪም አላዘዘለትም፣ ማንም ስለ ኩላሊቱ አልነገረውም። ለኩላሊቱ ፈርቶ የጉበቱን መድኃኒት ሲያቆይ፣ ኩላሊቱን የሚጎዳውን ክኒን ግን እንደ ከረሜላ ሲገዛው ነበር። ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም፤ ስለ መድኃኒት የሚነገረን ነገር ሁሉ በወሬ የሚመጣ በመሆኑ የደረሰ ነው።

ዋናው ነገር ጉዳቱ ሳይታይ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ከመጀመር በፊት ክሬአቲኒንና የሽንት ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት፣ መጀመሪያ በቅርብ በቅርቡ፣ በኋላም ራቅ እያለ ይደገማል። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ ክኒኑ በየቀኑ መወሰዱ ቀርቶ በ48 ሰዓት አንድ ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል፣ ወይም መድኃኒቱ ይለወጣል። ቁጥሩ ቶሎ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ኩላሊቱ ይመለሳል። የእኔ ክሬአቲኒን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከ0.8 እስከ 1.0 ባለው መካከል ሲመላለስ ቆይቷል፤ ወረቀቶቹን አንድም ሳልጥል በአንድ ክላሰር አስቀምጫቸዋለሁ።

ሌላ አማራጭም አለ። ኢንተካቪር የሚባለው መድኃኒት በኩላሊት ላይ እንዲህ ያለ ጫና የለውም፤ ነገር ግን በባዶ ሆድ፣ ማለትም ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ከሚቀጥለው ምግብ ሁለት ሰዓት በፊት መወሰድ ስላለበት፣ ብዙዎች እራት በልተው ሁለት ሰዓት ቆይተው ወደ መኝታ ሲሄዱ ይወስዱታል። ከዚህ ቀደም ላሚቩዲን የሚባለውን የቆየ የቢ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ለወሰደ ሰው ግን አይመረጥም፤ ምክንያቱም ላሚቩዲንን የለመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገታው የሆነ፣ ቫይረስ ኢንተካቪርንም በቀላሉ ይለምዳል። ላሚቩዲን ብቻውን በሚሰጥበት ዘመን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአሥር ታማሚዎች በሰባቱ ገደማ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደው ነበር። አዲሱ የቴኖፎቪር ዓይነት፣ ቴኖፎቪር አላፈናማይድ፣ 25 ሚሊ ግራም ብቻ ሆኖ በቀጥታ ወደ ጉበት ሕዋስ ስለሚገባ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ቴኖፎቪር ከነባሩ በ90 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ ለኩላሊትና ለአጥንት ይሻላል፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን የሰውነት ክብደትንና የደም ቅባትን ሊጨምር ይችላል።

እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ ስለ መዋጥ ነው። እኔን ለሞት ያቀረበኝ ግን ማቆም ነው።

ቫይረሱ እንዳለብኝ ያወቅሁት በ2005 ዓ.ም. የሥራ ባልደረባዬ ሚስት ስትወልድ ደም ለመስጠት በሄድሁ ጊዜ ነው፤ ደሙ ሲመረመር ተገኘ። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ስለማይጀምር ሦስት ዓመት በክትትል ቆየሁ፤ በ2008 ዓ.ም. የጉበቴ ቁጥሮች ሲያድጉ ቴኖፎቪር ጀመርሁ። በሁለተኛው ዓመት የቫይረሱ መጠን በመሣሪያ የማይታይ ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ መድኃኒት ልወስድ በሄድሁበት አንድ ቦታ አንድ ሠራተኛ፣ «ይህ እኮ ከሁለት ዓመት በላይ አይወሰድም፤ ኩላሊትዎን ይጨርሰዋል» አለኝ። ነጭ ጋዋን ለብሶ ስለነበር አመንሁት። ቫይረሱ አይታይም፣ መድኃኒቱ ይጎዳል፣ ታዲያ ለምን እወስዳለሁ ብዬ ለሐኪሜ ሳልናገር በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አቆምሁ።

ሥነ ሕይወት የሚያስተምር ሰው እንዲህ ማሰቡ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ሊታወቀኝ የሚገባው ነገር ዓይኔ ሥር ነበር። ጣና ዳር የሚኖር ሰው እምቦጭን ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የወረረውን ይህን አረም ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል፣ ከየአገሩ የመጣ ወጣት በዘመቻ ሲያወጣ አይተናል፤ የውኃው ገጽ ይጠራል፣ እፎይ ይባላል። ዘሩ ግን ከሥር ጭቃው ውስጥ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ነቀላው ሲቆም ተመልሶ ይሸፍነዋል። የቢ ቫይረስም በጉበት ሕዋስ አስኳል ውስጥ እንደ ዘር የሚቀመጥ ክብ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። ክኒኖቻችን አዲስ ቫይረስ እንዳይመረት ይከለክላሉ፣ ደሙን ያጠራሉ፣ ጉበት እንዲያገግም ጊዜ ይሰጡታል፤ እዚያ አስኳል ውስጥ ያለው ዘር ዘንድ ግን አይደርሱም። «አይታይም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም የተሻለኝ መሰለኝ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር፤ ጾሙ ነው አልሁ። ቀጥሎ የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ ያስመልሰኝ ጀመር፤ ጨጓራ ነው አልሁ። ሽንቴ ያደረ ሻይ መሰለ፤ ውኃ ስላልጠጣሁ ነው አልሁ። በመጨረሻ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ልታሳርም መጥታ ቀና ብላ አየችኝና፣ «መምህር፣ ዓይንዎ ቢጫ ሆኗል» አለችኝ። በዚያው ቀን በተደረገልኝ ምርመራ፣ ከ40 ብዙም መራቅ የማይገባው ኤ.ኤል.ቲ. የሚባለው የጉበት ቁጥር ከ1,100 አልፎ ነበር፤ ደሜም እንደ ወትሮው አይረጋም ነበር። ተኛሁ። መድኃኒቱ ወዲያው ተመለሰልኝ፣ ከ12 ቀን በኋላም በእግሬ ሄጄ ወጣሁ። ከእኔ አልጋ ቀጥሎ የነበረው፣ እንደ እኔው ክኒኑን ያቆመ አርሶ አደር ግን ጉበቱ አስቀድሞ ጠባሳ ስለነበረው አልተመለሰለትም። ባለቤቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በኮሪደሩ ስታለቅስ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

በአሜሪካ በሚታተመው የቴኖፎቪር መግለጫ ላይ፣ ከሁሉም ማስጠንቀቂያ በላይ ሆኖ በሳጥን የተከበበ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሚናገረው መድኃኒቱን ማቆም ከባድ የጉበት መቆጣትን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ያቆመ ሰውም ለብዙ ወራት በቅርብ መመርመር እንዳለበት ነው። የኩላሊት ነገር ከታች፣ በተራው ቦታ ተጽፏል፤ በሳጥኑ ውስጥ የለም። በሰፈር የምንሰማው ግን ስለ ኩላሊት ብቻ ነው፤ የሳጥኑን ነገር የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። መድኃኒቱን ማቆም የሚቻልባቸው ታማሚዎች የሉም አልልም፤ አሉ፤ ነገር ግን ይህን የሚወስነው ምርመራ እያየ የሚከታተል ሐኪም እንጂ የመስኮት ላይ ወሬ አይደለም።

ለጉበት ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ጉበትን የገደለበት ጊዜም አለ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ፊያሉሪዲን የሚባል የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት በ15 ታማሚዎች ላይ ሲሞከር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውጤት ተስፋ የሚሰጥ ነበር፤ ቫይረሱ ወረደ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ የሕዋስን ኃይል የሚያመርቱትን ሚቶኮንድሪያዎች ቀስ በቀስ ሲመርዝ እንደቆየ ታወቀ። ሙከራው ወዲያው ቢቆምም የሰባቱ ጉበት ከባድ ጉዳት ደርሶበት አምስቱ ሞቱ፣ ሁለቱ በጉበት ንቅለ ተከላ ተረፉ። ከእንስሳት ሙከራ ያልታየ፣ በመጀመሪያው ወርም ያልተገለጠ መርዝ ነበር። ዛሬ የምንወስዳቸው መድኃኒቶች ከዚያ ወዲህ ሚቶኮንድሪያን ይጎዱ እንደሆነ እየተመረመሩ የመጡና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የወሰዷቸው ናቸው። እኔ ቀጠሮ ቀርቶብኝ የማያውቀው እነዚያን አምስት ሰዎች ስለማስብ ነው።

የሄፓታይተስ ሲ ነገር ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ይድናል። ቀድሞ ሕክምናው እስከ 48 ሳምንት የሚወጋ ኢንተርፌሮንና ሪባቪሪን የሚባል ክኒን ነበር፤ ኢንተርፌሮኑ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት፣ አልፎም ራስን እስከ መጥላት የሚያደርስ ድብርት ያመጣል፤ ሪባቪሪን የቀይ ደም ሕዋሳትን ይሰብራል፣ ጽንስንም ስለሚጎዳ ባልም ሆነ ሚስት ከጨረሱ በኋላ ለወራት እርግዝናን መከላከል ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር ከመጣ ወዲህ ግን ከዳክላታስቪር ጋር ተጣምሮ በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የወሰደ ሰው ከመቶ ከ90 በላይ የመዳን ዕድል አለው። ዓባያችን ከከተማችን ወጥቶ የሚደርስባት ግብፅ ይህን በሰፊው አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ የተገኘባቸውን አክማለች። በሽታው በዚያ አገር እንዲህ የተስፋፋበት ምክንያት ራሱ ሕክምና ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለቢልሃርዚያ ይሰጥ የነበረው መርፌ በሚገባ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ስለተዘዋወረ ቫይረሱን አሠራጨው። ቢልሃርዚያ በጣና ዳርም አለ፤ የእኛ ልጆች ግን ዛሬ የሚታከሙት በሚዋጥ መድኃኒት ነው፣ ለዚህም አምላክን አመሰግናለሁ።

አዲሶቹ የሲ መድኃኒቶች ሦስት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከሶፎስቡቪር ጋር የወሰዱ ሰዎች የልባቸው ምት በአደገኛ ሁኔታ ስለቀነሰ ሁለቱ አብረው አይሰጡም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የሲ መድኃኒቶችን ከሰውነት አጥቦ ስለሚያወጣ የቲቢ ታማሚ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ሦስተኛው፣ ለእኛ ለቢ ታማሚዎች ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሲ ሲጠፋ ተጫኖት የነበረው ቢ ሊነሣ መቻሉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 24 እንዲህ ያሉ ታማሚዎች እንደተመዘገቡ፣ ከእነርሱም ሁለቱ እንደሞቱ ገልጾ፣ የሲ ሕክምና የሚጀምር ሁሉ አስቀድሞ የቢ ምርመራ እንዲያደርግ በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። የካንሰር ሕክምና ወይም ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያዳክም ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒትም የተኛውን ቢ ሊቀሰቅስ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባልና መጀመሪያ የሚፈለገው የባህል መድኃኒት ነው። በዚህ ስም ውስጥ ብዙ በሽታ ተቀላቅሏል፤ በውኃና በምግብ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይለቅቃሉ፣ ስለዚህ ቅጠል የጠጣው ሰው ቅጠሉ አዳነኝ ይላል፤ ቢ የያዘው ጎረቤቱም ያንኑ ጠጥቶ ይጠብቃል። እናቴም በታመምሁ ጊዜ የስሚዛ ቅጠል ጨምቃ በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች። «ጠጣው ልጄ፣ አያትህም በዚህ ነው የዳኑት» አለችኝ። በፍቅር የመጣ ነገር እንቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እጇን ይዤ፣ እምዬ፣ ጉበቴ አሁን የማያውቀውን ነገር የማጣራት አቅም የለውም፣ መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል ሊጨርሰው ይችላል ብዬ ለመንኋት፤ ብርጭቆውን መልሳ ወሰደችው፣ ዳግመኛም አላመጣችም። አረቄና ጫትም እንዲሁ የቆሰለ ጉበትን የሚጎዱ ናቸው።

ስለ ጠበል የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። እኔ ራሴ እጠመቃለሁ። ጠበል ቦታ ሲገቡ ክኒናቸውን የሚያቆሙትን ግን ከእኔ የበለጠ ሊሰሙት የሚገባ ሰው ተናግሯል፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረዋል። ለጉበት ታማሚም ከዚህ የተለየ ነገር የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ኤች.አይ.ቪ.ን ካነሣሁ አይቀር፣ ብልቃጡ በፌስታል የተጠቀለለበት ምክንያት ይኸው ነው። ቴኖፎቪር ለኤች.አይ.ቪ.ም ስለሚሰጥ፣ ክኒኖቹ በብልቃጡ ውስጥ የሚያሰሙት የመንኳኳት ድምፅ በታክሲ ውስጥ የሰው ዓይን ይጠራል ብለው የሚሰጉ አሉ። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቄ ነበር የምይዘው። ነገር ግን ከመጀመር በፊት የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ማድረግ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ያሉበት ሰው ለቢ ተብሎ ቴኖፎቪርን ብቻውን ቢወስድ ኤች.አይ.ቪ.ው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ነፍሰ ጡሮችም ይህን መድኃኒት ከመፍራት ይልቅ ስለ እርሱ ቢጠይቁ ይሻላል፤ የቫይረሱ መጠን ከፍ ያለባት እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ቴኖፎቪር ስትወስድ ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል እጅግ ይቀንሳል። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የቢ ክትባት የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን እንደ እኔና እንደ ባጃጅ ነጂው ያለን ሰዎች በልጅነታችን አላገኘነውም።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ራሱ በባጃጁ ወስዶኝ አብረን ላብራቶሪ ሄድን። ክሬአቲኒኑ 0.9 ሆነ፣ ሽንቱም ንጹሕ ነበር፤ ሐኪሙ ዳይክሎፌናኩን እንዲተው፣ ለወገቡም ሌላ መፍትሔ እንዲፈልግ ነገረው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አስቀመጠው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸና ሳየው፣ «ጋሼ፣ ዋጥሁት» የሚል መልእክት ነበር። የሚቀጥለው ምርመራ ጥቅምት ላይ ነው፤ የእኔም ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ስለሚውል አብረን እንሄዳለን።